የጾም ሰማይ

ሞቷን ያነበብኩት አብነት ሰፈር፣ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አጥር ላይ ነው። የተለጠፈ ነገር አይቼ አላልፍም፤ የሚከራይ ቤት ይሁን፣ የጠፋ መታወቂያ ይሁን፣ የባህል መድኃኒት ይሁን አነበዋለሁ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ እስኪቃረብ የከተማው አጥር ሁሉ ዘግቶኝ ኖሯል፤ አሁን ሲያናግረኝ አላልፈውም። «ኢንጂነር አስካለ» ይላል። ፎቶዋን ያየሁት ከስሟ በኋላ ነው። ሁለተኛውን መስመር ሳልጀምር ቆምኩ። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ባታስቆጥረኝ ኖሮ በዚያ አጥር ሥር ምንም ሳይመስለኝ አልፌ ቤቴ እገባ ነበር። ያን ቀን ማይምነቴ ናፈቀኝ፤ ያን ቀን ብቻ።

ኩላሊት ነው አሉ። ይሁን፣ ሰው በኩላሊት ይሞታል። ያንገበገበኝ ቀብሯ ላይ የተነበበው ነው። የሕይወት ታሪኳን ያነበበው አብረን የሠራንበት ድርጅት የላከው ሰው ነበር፤ ጥቁር ኮት፣ ጥሩ ድምፅ። የት እንደተወለደች፣ የት እንደተማረች ደህና አድርጎ አነበበ። ከዚያ፣ «ለድርጅታችን ታላቅ አስተዋፅኦ ካበረከቱ በኋላ በገዛ ፈቃዳቸው ሥራ ለቀዋል» አለ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። ምናልባት አንባቢው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ የተባዛውን ወረቀት ተቀብዬ ራሴ አነበብኩት። አልተሳሳተም፤ ተጽፏል። አስካለ በገዛ ፈቃዷ የለቀቀችው ነገር ቢኖር ትንፋሿን ነው፤ እሱንም እጠራጠራለሁ።

እኔ ሽብሩ እባላለሁ። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ጥበቃ ነበርኩ። የላይኞቹን ሁለት ፎቆች የያዘው የእሷ ድርጅት ነው። ማንበብ አልችልም ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ግን አልነበረም። ጥበቃ ከሆኑ መደበቅ ቀላል ነው። እንግዳ ሲመጣ መዝገቡን ገፋ አደርግና «ራስዎ ይሙሉት፣ መመሪያ ነው» እላለሁ። መታወቂያ ሲሰጡኝ ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያይቼ፣ ግንባሬን ቋጠር አድርጌ እመልሳለሁ። ግንባር መቋጠር ግማሽ ትምህርት ነው፤ በእሱ ብቻ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ባለሥልጣን ሞልቷል።

ሠራተኛውም ጠዋት ሲገባ መዝገቡ ላይ ይፈርማል። አንድ ሳምንት አስካለ የምትጽፈው ነገር ረዘም አለብኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ ጽፋ ሄደችና ተመለሰች። ሰው እስኪያልፍ ጠብቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ሦስት ቀን ዝሆን አስገብተዋል።»

አልገባኝም።

«መዝገቡ ላይ ነው የምልዎ። ሰኞ አንድ ዝሆን፣ ማክሰኞ አንድ ዝሆን፣ ዛሬ ዝሆን ከነልጁ። ማንም አልጠየቀዎትም?»

ደሜ ፈላ። ሁለት ሳምንት ሰላምታ ነሳኋት። በሩን እከፍትላትና ፊቴን ወደ ባቡሩ ሐዲድ አዞራለሁ። እሷ ግን ለማንም አልተናገረችም። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተርና እርሳስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና፣ መናደድዎ ደግ ነው፣ የማይናደድ ሰው አይማርም አለችኝ። ሌላው ሠራተኛ «አንተ ዘበኛ» ይለኛል፤ ጨዋ የሆነው «ጋሼ» ይለኛል። ስሜን ከነአንቱታው የምትጠራ እሷ ብቻ ነበረች። ለዚህ ብዬ ደብተሩን ተቀበልኩ።

ሰው ሁሉ በ«ሀ» ይጀምራል። እኔ በ«ወ» ጀመርኩ። እሷን የቸገራት ወፍ ነበራ።

ሥራዋ ሰማይ ላይ የሚያልፈውን ነገር ወፍ ነው ወይስ ድሮን ብሎ የሚለይ ማሽን መሥራት ነው። ጣሪያው ላይ ራዳር ተከሉ፤ በብረት እግር የቆመ ነጭ ሳጥን ነው፣ የድሮ ቴሌቪዥን ያህላል። ምን እንደሚሠራ ስጠይቃት አላጣጣለችኝም። ገደል ፊት ለፊት ቆመው ጮኸው ያውቃሉ አለችኝ። ገደሉ ድምፅዎን ይመልስልዎታል፤ ይህም ጆሮ የማይሰማው ጩኸት ይልካል፣ ሰማይ ላይ ያገኘው ነገር ይመልስለታል። ወፍ ክንፉን ሲያርገበግብ የሚመለሰው ጩኸት ቀስ እያለ ይርገበገባል። የድሮን ማራገቢያ ሲሽከረከር ግን መልሱ እንደ ብርድ ያለበት ሰው ይንዘፈዘፋል። ማሽኑ የሚማረው ይህን ልዩነት ነው።

«እንዴት ነው የሚማረው?» አልኳት።

«እንደ እርስዎ። እያሳዩት፣ ስሙን እየነገሩት። ሺህ ጊዜ።»

ለዚህ ደግሞ ዓይኑን ሰማይ ላይ ተክሎ፣ በዚህ ሰዓት ይህ አለፈ ብሎ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ሁለቱ ቴክኒሻኖቿ ያለፈውን ሁሉ «ወፍ» እያሉ ይጽፋሉ። ከዶሮ በቀር የወፍ ስም አያውቁም። እኔ ጥበቃ ከመሆኔ በፊት የሥጋ ቤት ተሸካሚ ነበርኩ፤ ጭላት ከትከሻዬ ላይ ሥጋ ነጥቆኛል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስንት ዓመት ደጅ ቆሜያለሁ። ደጅ የቆመ ሰው ሰማይ ያያል፤ ሌላ የሚያየው የለውም። ይህን ስትረዳ ከበር አስነሥታ ጣሪያ ላይ አስመደበችኝ። ለራዳሩ ጥበቃ ተባለ። እውነቱ ግን ሁለት ተማሪ ይዛለች፤ እኔን እና ማሽኑን።

መዝገቤን አራት ቦታ ከፈለችው፦ ሰዓት፣ ምን አለፈ፣ ክንፉ ምን አደረገ፣ ማሽኑ ምን አለ። እኔ ፊደል እየለቀምኩ «ቁራ» ብዬ እጽፋለሁ፣ እሷ ወስዳ ለማሽኑ ትነግረዋለች። ያየሁትን ለይቼ ካላወቅኩት «አላውቅም» ብዬ እንድጽፍ አዘዘችኝ። ማሽኑንም እንደዚያው አስተማረችው፤ ወፍ፣ ድሮን፣ አላውቅም። እኔ ያላሳየሁትን እሱ አያውቅም። ኮራሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ሌባ ከማባረር ሌላ ምንም የማይጠበቅበት ሰው አስተማሪ ሆነ።

መልአክ አልነበረችም። ሁልጊዜ ታረፍዳለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቤቱን ሁሉ ታስፈልጋለች። አንዱን ቴክኒሻን፣ ያላየውን አየሁ ብሎ ስለጻፈ፣ ሰው ፊት አስለቅሳዋለች። እኔንም «ጸ»ን ከ«ደ» ጋር ባምታታሁ ቁጥር ደብተሬን ዘግታ ትሄዳለች። አንድ ምልክት ነበራት፤ መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጫፍ መጥረግ ከጀመረች እምቢ ልትል ነው። ያኔ ገለል ማለት ነው።

ትልቁ ሥራ የተሠራው በዐቢይ ጾም ነው። ቀን ከቀን ጻፍኩ። ማሽኑ ተማረ። ቁራ ሲያልፍ ወፍ ይላል፤ ፈቃድ አውጥተው የገዟትን ትንሽ ድሮን ሲያስነሡ ድሮን ይላል። ሲሳሳት ለማየት ብንጠብቅ አይሳሳትም። ቴክኒሻኖቹ አጨበጨቡ። ሥራ አስኪያጁ ኬክ አስመጣ፤ ለእኔም በሶፍት ተጠቅልሎ ቁራሽ ደረሰኝ፣ የጾም ስላልነበረ አልቀመስኩትም እንጂ።

ፋሲካ ሆነ። በማግስቱ ጣሪያ ላይ ወጣሁ፤ ማሽኑ አብዷል። ድሮን ይላል፣ ድሮን ይላል፣ ድሮን ይላል። ቴክኒሻኖቹ ገመድ ቀየሩ፣ ሳጥኑን ፈቱ፣ ገጠሙ። ሁለት ቀን እንደዚያ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ሳቄ መጣ። አስካለ ዞር ብላ ምን እንደሚያስቀኝ ጠየቀችኝ።

«ማሽንዎ ጾመኛ ነው» አልኳት። «ይህ ሳጥን የሚያየው ወደ ጠመንጃ ያዥና አብነት ሰፈር ሥጋ ቤቶች ነው። በጾሙ ዝግ ነበሩ። ጭላት አይጾምም፤ ሥጋ ወዳለበት ይሄዳል። እዚህ የቀረው ቁራና እርግብ ነው፣ ሲያርገበግብ የሚውል። አሁን ፍስክ ሆነ፣ ጭላቱ ተመለሰ። ጭላት ደግሞ ክንፉን ዘርግቶ ይንሳፈፋል እንጂ አያርገበግብም፤ ለማሽኑ የማያርገበግብ ሁሉ ድሮን ነው። ያሳየነው የጾም ሰማይ ነው፣ ኢንጂነር። የሰማዩን ግማሽ።»

ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ወፍ አዋቂ ተብዬ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጭላት አለመጻፌን ልብ አላልኩም። የሁላችንም ሥጋ ቤት ተዘግቶ ስለነበር የማናችንም ዓይን ሥጋ ቤት አልፈለገም። ስድብ ጠበቅኩ። እሷ ግን ያልኩትን ደግሜ እንድላት ጠየቀችኝና ጻፈችው። ከሥሩ ስሜን ጻፈች። የእኔ ቃል በሌላ ሰው እጅ ሲጻፍ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቆይቼ፣ ጭላት ድሮን ቢባል ምን ይጎዳል አልኳት። ገዢዎቹ ሳጥኑ ድሮን ሲል የሚተኩሱ ሰዎች መሆናቸውን ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ አልሳቅኩም።

ቤቴ አብነት ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው በደስታ ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ ምን እንዳስደሰተው እስካሁን አላውቅም። ጥይቱ ቆርቆሮዬን በስቶ ፍራሹ ውስጥ ገባ። ባለቤቴ ውሃ ልትቀዳ ከተኛችበት ተነሥታ ወጥታ ነበር፤ እኔም ሥራ ላይ ነበርኩ። ያን ጥይት አስቀምጬው ነበር። ይህን ከነገረችኝ በማግስቱ አምጥቼ ለአስካለ ሰጠኋት። መዳፏ ላይ አድርጋ መዘነችው።

«ወደ ላይ የሚተኩስ ሰው ሰማይ የሚያስቀርለት ይመስለዋል» አለች።

ጥይቱን ኮምፒውተሯ አጠገብ አቆመችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው ቆሞ ዋለ፣ አደረ።

ክረምቱን ሙሉ ጭላት ጻፍኩ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል ይወጣሉ፤ እኔም በጃንጥላ ሥር ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ጭላት ነፋስ ይወስደዋል፣ ድሮን ግን ከነፋስ ጋር ይከራከራል አልኳት፤ እሱንም ለማሽኑ ነገረችው። ማሽኑ ቀስ በቀስ ተሻለው። ገና ግን ከሦስት ጭላት አንዱን ድሮን ይላል። አስካለ አንድ ዓመት ሙሉ ሰማይ ካላየ አይሸጥም አለች፤ ጾሙንም ፍስኩንም፣ ክረምቱንም በጋውንም ማየት አለበት። የጾሙን ነገር ዘርዝራ ሪፖርት ጽፋ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠች።

ሪፖርቱን አንብቦ በደንብ የገባው እሱ ነው። ገዢዎቹ በጥቅምት መጥተው እንዲያዩ ቀጠረ፤ ከሳምንቱ ቀን ሁሉ መርጦ ዓርብን ያዘ። ዓርብ ጾም ነው። ሥጋ ቤቶቹ ዝግ ናቸው። እሷ ማሽኑን ልታድንበት የጻፈችውን፣ እሱ መደበቂያ አደረገው። በዚያ ላይ ደግሞ «አላውቅም» የሚለው ቃል ከማሽኑ ይውጣ አለ።

ጣሪያ ላይ ሲነጋገሩ አጠገባቸው ነበርኩ። ዘበኛ ፊት ሰው እንደልቡ ያወራል። ሐሙስ ይሁን ብላ ለመነችው፤ አንድ ቀን ብቻ ቀደም አድርገው። ሳቀባት።

«አስካለ፣ አላውቅም የሚል ዕቃ ማን ይገዛል?»

መነጽሯን አውልቃ መጥረግ ጀመረች። እኔ ገለል አልኩ።

«አላውቅም የሚል ሰው ቢበዛልን ኖሮ» አለችው፣ «ስንት ቀብር በቀረልን።»

ዓርብ ነው አልኩ፣ ዓርብ ነው፣ አርፈሽ ተቀመጪ ብሏት ወረደ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ መጣች። ነገ ዓርብ ሥጋ የሚሸጠው ማን ነው አለችኝ። የሙስሊም ሥጋ ቤት ነዋ አልኳት፤ ጠመንጃ ያዥ ከድር አለ። ሳንባና አንጀት ይሰጠን እንደሆነ ጠየቀች። ያን ጊዜ ገባኝ። ማሽኑን ልናበላሽ ነው ወይ አልኳት፤ እሱን አልወደድኩትም ነበር።

«አንነካውም። ወፍ እንጠራለን እንጂ። ወፍ ሲመጣበት የሚፈርስ ማሽን ከሆነ ያፈረስነው እኛ አይደለንም።» ከዚያ ቀጥ ብላ አየችኝ። «ሥራዎትን ያጣሉ፣ ጋሽ ሽብሩ። እምቢ ቢሉኝ አልቀየምም። የሳንባውን ሳፋ ራሴ እሸከማለሁ።»

ሳፋውን እኔ እሸከማለሁ አልኳት። ጀግንነት አይደለም። ከፍራሼ በላይ ያለውን ቀዳዳ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ የማኖርበት።

ዓርብ ጠዋት እንግዶቹ መጡ። አራት ናቸው። አለቃቸው ጺሙ የሸበተ፣ ሲቀመጥ እንኳ ወገቡ የማይጎብጥ ሽማግሌ ነበር። ጣሪያው ላይ ወንበርና የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ድሮኗ ተነሣች፤ ማሽኑ ድሮን አለ። ከልደታ ማርያም በኩል የእርግብ መንጋ መጣ፤ ወፍ አለ። ድሮኗን መንጋው መሃል አስገቧት፤ ነጥሎ አወጣት። ማሽኑ በእርግጥም ግሩም ነበር፤ እሷ የሠራችው ነው። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሽማግሌው ግን እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ፣

«ስህተቱ ምን ላይ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ሥራ አስኪያጁ፣ እዚህ ግባ የሚባል ስህተት የለውም አለ።

አስካለ ከወንበሯ ተነሣች። መነጽሯ በእጇ ነው።

«አለው። ይህ ማሽን በደንብ የሚያውቀው የጾም ሰማይ ብቻ ነው። ዛሬም ዓርብ ነው፤ ቀኑ ታስቦበት ነው የተመረጠው። ጭላት ሲመጣ ድሮን ይላል። ለብዙ ወራት ተጽፏል፤ መዝገቡ ይኸው።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቅ ለመሳቅ ሞከረ። ባለሙያችን ደክሟታል አለ፤ ያንን መዝገብ የጻፈው ዘበኛው ነው፣ ፊደል እንኳ ያልቆጠረ ሰው ነው፣ ብትፈልጉ ጠይቁት አለ። እንግዶቹ ወደ እኔ ዞሩ። አንደኛው ፈገግ አለ።

«ያንብቡላቸው፣ ጋሽ ሽብሩ» አለች።

መዝገቡን ተቀበልኩ። ጣቴን ከፊደሉ ሥር አድርጌ ጀመርኩ። «የፋሲካ ማግስት። ሦስት ሰዓት ከሩብ። ጭላት። ክንፉን...» እዚያ ላይ ቆምኩ። «አያርገበግብም» የሚባል ቃል ረጅም ነው፤ የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ሆኖም ፊደሎቹ ተደባለቁብኝ። ፈገግ ያለው ሰውዬ ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ እጁን ዘረጋ፣ አያችሁ እንደ ማለት። ወደ አስካለ አየሁ። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። አልነገረችኝም። ቆማ ጠበቀችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ልትጠብቀኝ የምትችል ሆና።

«አያ። ር። ገ። በ። ግ። ብም» አልኩ። «ክንፉን አያርገበግብም። ማሽኑ፣ ድሮን።»

ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ አልነበረም። ቀጣዩን መስመር አነበብኩ፣ የሚቀጥለውንም፣ ገጽ ገለጥኩ። ሽማግሌው ይበቃል እስኪለኝ አነበብኩ። ይበቃል ሲለኝ ሳፋውን ከውሃ ጋኑ ጀርባ አወጣሁና ፌስታሉን ገፈፍኩት፤ የከድርን ሳንባ በጣሪያው ጠርዝ ላይ ዘረገፍኩ።

ዓርብ የጭላትም ሆድ ባዶ ነው። መጀመሪያ አንድ መጣ። ከዚያ ሦስት። ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። ክንፋቸውን ዘርግተው ከላያችን ዞሩ፤ ማሽኑ ድሮን፣ ድሮን፣ ድሮን እያለ ጮኸ፣ የማስጠንቀቂያው ደወል አላቆም አለ። አንዱ ቁልቁል ወርዶ በሥራ አስኪያጁ ራስ ላይ አለፈ፤ ሰውየው ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሽማግሌው ወንበሩ ላይ እንዳለ ቀና ብሎ አየ።

«ያቺ ድሮን ሳንባ ትበላለች?» አለ።

አስካለ ጥይቱን ከኪሷ አውጥታ ፊቱ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ከዚህ ሰው ፍራሽ ውስጥ የወጣ ነው አለችው፤ ሳጥኑን ዛሬ ከገዙት፣ የእርስዎ ሰዎች ወደ ጭላት የሚተኩሱት እዚያ ነው የሚወርደው። ወደ አብነት ቆርቆሮዎች አመለከተችው። ሽማግሌው ቆርቆሮዎቹን ብዙ ጊዜ ተመለከተ። ጥይቱን አነሣና ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ውሃውን ሳይጠጣ ወረደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ማሽኑን አልገዙም። ጥይቴንም አልመለሰልኝም። ይያዘው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አስካለን ቢሮ ጠሯት። በሩ ገርበብ ያለ ነበር፤ እኔም የራሴን ልጠብቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ። ወረቀት አቀረቡላት። «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ነው። ብትፈርም ጥሩ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጧት፣ ስሟም እንደማይነሣ ነገሯት። ካልፈረመች ግን በዚህ ሙያ በር እንደማይከፈትላት ነገሯት። በበሩ ክፍተት አየሁ፤ መነጽሯን እየጠረገች ነው። አልፈረመችም። አባረሯት።

ለእኔም ደብዳቤ ሰጡኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ የተጻፈ ደብዳቤ እሱ ነው። ራሴ አነበብኩት። ሁለት ቦታ ፊደል ገድፈዋል።

ደረጃውን አብረን ወረድን። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ሳቀች።

«ጋሽ ሽብሩ፣ አያርገበግብምን አነበቡት እኮ።»

ያሉት በር አልተከፈተላትም። ለልጆች ሒሳብ እያስጠናች ኖረች። እኔ አንድ ጋራዥ ጥበቃ ሆንኩ። አንዳንድ እሑድ ቤቷ እሄዳለሁ፤ የክረምቱን መዝገብ ግልባጭ ይዛ በራሷ ኮምፒውተር ማሽኑን ታስተምረው ነበር። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አይገዛውም። አንዴ፣ አሁን ጭላት ለየ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«አብዛኛውን ይለያል። ሲያቅተው አላውቅም ይላል» አለችኝ። ሰው ልጁ ተመረቀ ሲል እንደሚናገረው ነው የተናገረችው።

በሣልስቷ ዕለት ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ገባሁ። ታናሽ እህቷ ጥሩወርቅ በር ላይ ተቀበለችኝ። ሥራ አስኪያጁ ከሁለት ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ የአበባ ጉንጉናቸው የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ተደግፏል። የተባዛው የሕይወት ታሪክ እዚህም ታድሏል። ጥሩወርቅ ስለ እህቷ የሚናገር ካለ ብላ ጠየቀች። ተነሣሁ። ኪሴ ውስጥ የዚያን ዓርብ ደብተር ይዣለሁ። ጣቴን ከመስመሩ ሥር አላደረግኩም።

«ዓርብ» ብዬ አነበብኩ። «አራት ሰዓት ከሃያ። ጭላት፣ ብዙ። ክንፋቸውን አያርገበግቡም። ማሽኑ፣ ድሮን። ኢንጂነር አስካለ፣ ጭላት። አምስት ሰዓት ተኩል። በገዛ ፈቃዴ የሚል ወረቀት ቀረበላት። አልፈረመችም። ተባረረች።»

ያንን የመጨረሻ መስመር የጻፍኩት ዛሬ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ያን ዕለት ነው፣ ከሕንፃው ሳልወጣ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ። የታየውን በታየበት ሰዓት መጻፍ እሷ ናት ያስለመደችኝ።

ከኋላ አንድ ሰው፣ ጋሼ ይቀመጡ፣ ለቅሶ ቤት ነው አለኝ። አልተቀመጥኩም። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ነው የመጣሁት። የተባዛውን የሕይወት ታሪክ ከኪሴ አወጣሁ፣ «በገዛ ፈቃዳቸው ሥራ ለቀዋል» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዝኩ፣ ከላዩ «ተባረሩ» ብዬ ጻፍኩ፣ ለጥሩወርቅ ሰጠኋት። አነበበችው። እጇን ዘረጋችና እስክሪብቶውን ተቀበለችኝ፤ በራሷ ወረቀት ላይ ሰረዘች። ከዚያ አጠገቧ ላለችው ሴት አቀበለቻት። ሴትየዋ ሰርዛ ለባሏ ሰጠችው። እስክሪብቶው ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ብቻ ይሰማል።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ደረሰ። ወረቀቱ ጭኑ ላይ ነው። እስክሪብቶውን ያዘው፣ አገላብጦ አየው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ገጠምን።

አልረዳሁትም። ቆሜ ጠበቅኩት።